ፊት መሪ ዞሮ አያይም

ባለፈው ነሐሴ ልቅሶ ልደርስ ወደ ሞላሌ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ጣርማበርን ለቆ ወደ መንዝ መታጠፊያ እንደገባ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ዝናብ ሲወርድበት የቆየ ጥቁር በርኖስ ደርበዋል። ክፍት ቦታ የነበረው እኔ ጎን ብቻ ስለሆነ መጥተው ተቀመጡ፤ በርኖሱም እንደ ሦስተኛ ሰው መሀላችን ተቀመጠ። ከፊታችን ያለችው ወጣት ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ መስኮቱን በትንሹ ከፈተች። እኔ ግን አልጠላሁትም። የራሰ የበግ ጸጉርና የኩበት ጭስ ሽታ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ሽታ የጉም ሽታ ይመስለኝ ነበር። ጉም በወረደ ቁጥር ስለሚሸተኝ፣ ጉሙ ራሱ ይዞት የሚመጣ አድርጌ ነበር የማስበው።

ውጭ በረዶ ጀመረ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ስልክ ያወራል። መንገዱ አሁን አስፋልት ሆኗል፤ ማንም አልደነገጠም። እኔ ብቻ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ቀኝ እግሬ የመኪናውን ወለል አጥብቆ ሲረግጥ አገኘሁት። መኪና ነድቼ አላውቅም።

ያኔ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው። ቤታችን ከሞላሌ በላይ፣ ቆላው ከሥር በሚታይበት አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ የአንድ ነጋዴ አሮጌ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ገብስና በግ ጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል፣ ሲመለስ ጨውና የመብራት ጋዝ፣ አንዳንዴም የደከመው መንገደኛ ጭኖ ይመጣል። የእኛ አገር ሰው በራሱ ብርድ መቀለድ ይወዳል። «መንዝ ሁለት ወቅት አለው፤ ብርድና ሌላ ብርድ» ይላሉ። ቀልዱ የሚያስቀው ታዲያ እሳት ዳር ተቀምጠው ሲናገሩት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረዶ ሲጥል ገብሱም መንገዱም ጣሪያውም ነጭ ይሆናል፤ ፀሐይ ስለማትወጣ በረዶው አይቀልጥም፣ በላዩ ላይ ውርጭ ያድርበትና ይጋገራል። ጠዋት ደግሞ ከቆላው ጉም ይነሳና አፋፉን ዘልቆ ይመጣል። ከታች ነጭ፣ ከላይ ነጭ። መንገዱ የት እንደሚያልቅ፣ ገደሉ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው እግር ብቻ ነው።

ስለዚህ በእኛ ሰፈር በጉም ቀን መኪና ብቻውን አይሄድም ነበር። ፊት መሪ አለው። ፊት መሪያችን ጋሽ ተሰማ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሰው። ጥቁር በርኖሱን ደርቦ፣ በዱላው መንገዱን እየወጋ ከመኪናው ፊት ይሄዳል። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው እዚያ ጉም ውስጥ ወዲያው ይጠፋል፤ ጥቁር በርኖስ ግን ይታያል። ሾፌሩ መንገዱን አያይም፤ በርኖሱን ነው የሚያየው። መሪው ቀኝ እጁን ከዘረጋ ወደ ቀኝ፣ ግራውን ከዘረጋ ወደ ግራ፣ ሁለቱንም ካነሳ ቁም ማለት ነው።

አንድ ሕግም ነበረው። ፊት መሪ ዞሮ አያይም። «ፊቴን ካዞርኩ እግሬ የያዘውን ይረሳል፤ እግሬ ከረሳ ሁላችሁም ገደል ናችሁ» ይል ነበር ጋሽ ተሰማ፣ ቤታችን ተቀምጦ የእናቴን ጠላ እየጠጣ። አባቴም «አንተ ገደሉን ጠብቅልኝ፣ እኔ ጀርባህን እጠብቅልሃለሁ» ይለዋል። እንደዚያ ነበር የሚተማመኑት። እኔ ሕጉን የተረጎምኩት በልጅ አንጎሌ ነው። ጉም ውስጥ ዞሮ ያየ ሰው የማይታይ ነገር ስለሚያይ ነው የተከለከለው ብዬ ነበር። ምን እንደሚያይ ማንንም አልጠየቅሁም። ቢነግሩኝስ?

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን አባቴ በእግሩ መጣ። ሁልጊዜ የመኪናው ድምፅ ይቀድመው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ድንገት በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ኮፍያው የለም። ጸጉሩ ውስጥ በረዶ አለ፣ አላራገፈውም። እናቴ የመጨረሻ ወሯ እየገባ ነበር፤ ሆዷን ደግፋ ተነሳች።

«ተሰማን ገጨሁት» አላት።

«የት?»

«ቆላ ማያ ላይ። ሁለት እጁን አነሳ፣ ፍሬን ያዝኩ። ይዤ ነበር እኮ።»

ቆላ ማያ ከእኛ ሰፈር ወደ ሞላሌ ሲኬድ ያለው ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩል ጉብታ፣ በሌላው በኩል ቆላው። እናቴ «ተረፈ?» አላለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና እየጮኸች ወጣች። አባቴ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ «ይዤ ነበር» ይላል፣ ለእኔ።

ፖሊስ ወስዶት በዋስ ተለቀቀ። መኪናውን ለዚያ ቀን ብቻ የመጣ ሌላ ሾፌር አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመው። ባለቤቱ ምትክ ፈልጎ ነበር፤ ግን በዚያ ክረምት፣ ያንን መኪና፣ በዚያ መንገድ ላይ የሚነዳ አላገኘም።

በእኛ አገር እርቅ እስኪወርድ ድረስ ሁለቱ ወገኖች እሳት አይጫጫሩም፣ ከአንድ ምንጭ አብረው አይቀዱም። እኛ ጠዋት ስንቀዳ የጋሽ ተሰማ ቤት ከሰዓት ይቀዳል። ቤተ ክርስቲያንም እነሱ በአንዱ በር፣ እኛ በሌላው። ሰዉ «እርቅ ያልወረደበት ደም ይጮኻል» ይላል። እኔ ይህንን ቃል በቃል አመንኩ። ማታ ማታ ነፋሱ ከአፋፉ ሲመጣ ጆሮዬን በዝተት ሸፍኜ እተኛለሁ። ቀን ቀን ግን፣ ልጅ አይደለሁ፣ ለመስማት እሄዳለሁ። አፋፉ ላይ ጅብራ የሚባሉ የደጋ ተክሎች ቆመዋል፤ ቁመታቸው የሰው ያህል ነው፤ ጉም ሲሸፍናቸው ቀብር ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ይመስላሉ። ነፋሱ በመሀላቸው ሲያልፍ ቀስ ብሎ ያቃስታል። ደሙ ነው ብዬ እሮጣለሁ። በማግስቱም ተመልሼ እሄዳለሁ።

የደብራችን አስታራቂ መምሬ ኃይሌ ነበሩ። አጭር፣ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የሚበልጥ ቄስ ናቸው። ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው ወደ ጋሽ ተሰማ ሚስት፣ ወደ እትዬ በለጡ ሄዱና ሲመለሱ እኛ ቤት ገቡ። አባቴ ከመደቡ ተነስቶ ቆመ።

«ካሳ አልፈልግም አለች» አሉት መምሬ። «እውነቱን ይንገረኝ ነው የምትለው።»

«ነግሬያት የለ እንዴ መምሬ?»

«አላመነችህም። ‹በቅሎ እንኳን ልጓሟን ሲይዟት ትቆማለች። ፍሬኑን ከያዘው መኪናው በምን እግሩ ሄዶ ባሌን ገደለው? ወይ ጠጥቶ ነበር፣ ወይ ቸኩሎ ነበር። የሆነውን ይናገርና ያኔ እንነጋገራለን፤ በውሸት ላይ ለእርቅ አልቀመጥም› አለች።»

«አልጠጣሁም። አልቸኮልኩም።»

«እኔስ አምንሃለሁ ልጄ።»

«መምሬ፣ እርስዎ መኪና ነድተው ያውቃሉ?»

«የት አውቄ።»

«ታዲያ በምን ያምኑኛል?»

መምሬ የተቀመጠላቸውን ቆሎ ሳይነኩ ባርከው ወጡ። በዚያች ሌሊት እናቴ «እውነት ይዘኸው ነበር?» ስትለው ሰማሁ። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እናቴም አልደገመችውም። እኔም በልቤ እትዬ በለጡ ልክ ናት ብዬ ነበር። በቅሎ አይቻለሁ፤ ስትያዝ ትቆማለች። አባቴን እወደዋለሁ፣ ግን አላመንኩትም፤ ሁለቱ አብረው መኖር መቻላቸው ያስፈራኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ቆመው መኪና ይገባ ጀመር። ሞተሩን አያስነሳም። መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላል፣ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊቱን ጉም ጉሙን ያያል። አንድ ቀን ተንጠላጥዬ በመስኮቱ ሳይ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ፍሬኑን ይረግጣል፣ ይለቃል። ይረግጣል፣ ይለቃል። አላየኝም። ቀስ ብዬ ወረድኩ።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጠዋት ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ጉሙ ከመሬት ተጣብቋል። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ቀና ስል ከምንጩ አጠገብ ጥቁር በርኖስ ቆሟል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። የትከሻው ሹል አለ። ከሹሉ በታች ደግሞ የማውቀው ቡናማ እራፊ አለ፤ እናቴ ራሷ ናት የጣፈችለት። የጋሽ ተሰማ በርኖስ ነው። በርኖስ ደግሞ የወንድ ልብስ ነው፤ ጠዋቱም የእኛ መቅጃ ሰዓት ነው፤ ሌላ ሰው ይኖርበታል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም።

«ጋሽ ተሰማ?» አልኩ። ድምፄ ከወጣም እንጃ።

አልዞረም። እንዴት ይዞራል? ፊት መሪ ዞሮ አያይም። ጀሪካኑን ጥዬ አፈተለክሁ፤ እስከ ቤት ድረስ አልተነፈስኩም። ለማንም አልተናገርኩም። በነጋታው ጀሪካኑ አጥራችን ሥር ቆሟል፤ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ፣ አፉ በቅጠል ተወትፏል። እናቴ ብዙ አየችው። አልደፋችውም፣ አልጠጣችውም። ውሃው እዚያው ቆየ፤ ጠዋት ጠዋት ላዩ ላይ ስስ በረዶ ይጋገርበታል።

ምጡ የጀመራት በዚያው ሳምንት ነው። ማታ ጀምሯት፣ ሲነጋ አዋላጇ ከጓዳ ወጥታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ሕፃኑ አግድም ነው፤ ከእኔ አቅም ውጭ ሆኗል፤ ጤና ጣቢያ አድርሷት» አለች። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል አድሮ ግቢው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ። በአቋራጩ ያለው ወንዝ ሞልቷል፤ በመኪናው መንገድ ቃሬዛ ተሸክሞ ቆላ ማያን መውረድ ደግሞ እሷን ይዞ መንሸራተት ነው። ሁሉም ወደ መኪናው አዩ፤ ከዚያ ወደ አባቴ።

አባቴ እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ከቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። «አልነዳም» አለ። «ሌላ ሰው አልገድልም።»

ከውስጥ ሴቶቹ ማርያም ማርያም ይላሉ። በመሀሉ የእናቴ ድምፅ መጣ። «እኔንስ?» አለችው።

ተነሳ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ያኔ መምሬ ኃይሌ «ማን ይመራዋል?» ብለው ጠየቁ። ተሰማን ከገደለው መኪና ፊት፣ በዚያው ቁልቁለት፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ማን ነው? ቃሬዛ የያዙት ጎበዞች በረዶውን በእግራቸው ይቆፍራሉ። አልፈርድባቸውም።

ውሻችን አልጮኸም። ሽታው ግን መጣ። በሩ ላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ጥቁሩ በርኖስ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ በረዶ ተከምሯል። እናቴን ደግፈው ወደ ደጅ አውጥተዋት፣ እጇ ላይ ተጣብቄ ነበርና እሷ ላይ ጮህኩ። ከዚያ በርኖሱ ገባ፣ ቀረበ፣ ከላዩ የሴት ፊት ወጣ። እትዬ በለጡ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በርኖሱን ከላይዋ አላወረደችም ይባል ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

«መኪናውን አስነሳ» አለችው።

«በለጡ...» አለ አባቴ።

«አታናግረኝ። አስነሳ።»

አዋላጇ መምሬን ወደ ጎን ሳበቻቸው። «መምሬ፣ ደም ያላት ሰው ናት። ገደል ልትከታቸው ነው» ስትላቸው ሰማሁ። መምሬ እትዬ በለጡን አዩ፤ እናቴን አዩ። «እንግዲያው እኔም እሳፈራለሁ» አሉና መስቀላቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው የጭነቱ ቦታ ላይ ወጡ። እናቴን ከፊት አጋደሟት። እጄን አለቅም ስላለች እኔም ከእግሯ ሥር ተጨመርኩ።

የሄድነውን መንገድ ርዝመት አላውቅም። በጉም ውስጥ ርቀት የለም። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ጎማው በረዶውን ይፈጫል፣ ከላይ የመምሬ «በእንተ ማርያም» ይሰማል። ከፊታችን ጥቁር ጀርባ አለ፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ዱላው ይወጋል፣ በርኖሱ ይወዛወዛል። ጫማዋ በረዶው ውስጥ ስለሚሰጥም እግር ያለው አይመስልም። የእትዬ በለጡን ፊት ገና አሁን አይቻለሁ፤ ግን ጀርባዋን ሳይ ፊቷን ረሳሁት። ጋሽ ተሰማ ነበር። አካሄዱ ነበር። አባቴም እንደዚያ ያየው ይመስለኛል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ «ተሴ፣ ተሴ» ይላል። ጅብራዎቹ አንድ በአንድ ከጉሙ ወጥተው ያዩንና ተመልሰው ይገባሉ።

ከዚያ ግራ እጅ ተዘረጋ። ግራችን ገደሉ ነው።

አባቴ አዘገመ። እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። «ወደ ገደሉ ነው የምትለኝ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

እናቴ ጥርሷን ነክሳ ነበር። «ተከተላት» አለችው።

«ገደል ነው እኮ!»

«ተከተላት አልኩህ። ሴት ናት፤ ምጥ ታውቃለች።»

አባቴ ወደ ግራ ጠመዘዘው። በአባቴ በኩል ባለው መስኮት ቆላው አልታየኝም፤ ባዶ ነጭ ነገር ብቻ ነበር፣ ነፋስ ከሥሩ ወደ ላይ የሚመጣ። እናቴ ጣቶቼን ጨምቃ ሰበረቻቸው ብዬ ነበር። ስናልፍ በእኔ በኩል ቀና ብዬ አየሁ። የመንገዱን ቀኝ ግማሽ ጎርፍ በልቶት ነበር፤ በረዶው ከላይ እንደ ክዳን ተጋግሮበት ደህና መሬት ይመስላል፣ ከጠርዙ ግን ጥቁር ጉድጓድ ይታያል። ወደ ቀኝ ሄደን ቢሆን ኖሮ እዚያ ነበርን።

ቆላ ማያ ላይ ደረስን። መንገዱ አዘቀዘቀ። በርኖሱ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። ሁለት እጆች ወደ ላይ ተነሱ። ከጉብታው ናዳ ወርዶ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተበትኖ ኖሯል፤ እኛ ግን የምናየው እጆቹን ብቻ ነው።

አባቴ ፍሬን ያዘ። እግሩን አይቻለሁ፤ ከጎኑ ነበርኩ። እስከ ወለሉ ረገጠው። የጎማው ድምፅ ጠፋ። መኪናው ግን አልቆመም። ያለ ምንም ድምፅ፣ በቀስታ፣ እንደሚንሸራተት ድንጋይ ሳይሆን በራሱ ፈቃድ እንደሚሄድ ነገር ሄደ። ጥቁሩ ጀርባ እየተለቀ መጣ። አባቴ «ይዣለሁ! ይዣለሁ!» እያለ ይጮኻል። መምሬ ከላይ «እግዚኦ!» አሉ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ መጨፈን አቃተኝ።

በርኖሱ ዞረ።

ፊቷን አየሁት፤ የራሷ ፊት ነው፣ የእትዬ በለጡ። እኛን አላየችም። ዓይኗን ወደ ታች ጥላ ጎማዎቹን አየች። አፏ ተከፈተ። ከዚያ ድንጋዮቹን ተሻግራ ዘለለች። አባቴ ፍሬኑን ለቀቀና መኪናውን ወደ ጉብታው ጠመዘዘው፤ አፈሩን ገጨን፣ ሁላችንም ወደፊት ተወረወርን፣ ሞተሩ ጠፋ። ጋሽ ተሰማም የዚያን ቀን ዞሮ ቢሆን ብዬ ዛሬም አስባለሁ። እሱ ግን ሕጉን አክባሪ ነበር፤ ጀርባውንም ለአባቴ ነበር የሰጠው።

በረዶ ከኮፈኑ ላይ እየተንሸራተተ ይወድቃል። እትዬ በለጡ ወደ አባቴ መስኮት መጣች።

«ፍሬኑን ይዘኸው ነበር?»

«ይዤው ነበር።»

«ያኔስ?»

«ያኔም።»

ሄደች። ከመኪናው ኋላ ቁጢጥ ብላ መንገዱን ታይ ጀመር። አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ እኔም አንገቴን አወጣሁ። በረዶው ላይ ረጅም መስመር ነበር። ከላይ፣ ከሩቁ፣ የጎማው ጥርስ እንደ ጥልፍ ታትሟል። ከዚያ ጥርሱ ይጠፋና እስከ መኪናው ድረስ ልሙጥ ነው፤ የተጎተተ ግንድ ያለፈበት ይመስላል። እትዬ በለጡ ጥርሱ የጠፋበት ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ልሙጡን ተከትላ እስከ ጎማው ዳበሰችው።

«ቆሞ ነው የመጣው» አለች። ለእኛ አይደለም የተናገረችው። «ጎማው ቆሞ ነው የመጣው፣ ተሴ።»

መምሬ ከላይ ሆነው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቴ በረዶው ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ አንድም ቀን አላለቀሰም ነበር።

«ተነስ» አለችው። «ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት። ድንጋዩን እናንሳና ንዳ።»

ሦስቱም ድንጋዩን አነሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞላሌ መግቢያ ድረስ መራችን። በየጥቂት እርምጃው ዞራ ታየን ነበር፤ ጎማችንን አይታ ተመልሳ ትሄዳለች። እኔ ከዚያ በኋላ አልፈራሁም። በርኖሱ ፊት ነበረው።

ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ተወለደ፤ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ መምሬ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አባቴ እትዬ በለጡን ፈለጋት። በእግሯ ተመልሳ ሄዳ ነበር።

መስከረም ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ጽድ ሥር ተቀመጡ። አባቴ በባዶ እግሩ፣ እንደ ልማዱ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣና ተንበረከከ። ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አየሁት። ድንጋዩ ትልቅ ነው፤ ራሱ መርጦ ነው ያመጣው። እትዬ በለጡ ከፊቱ ቆመች። በርኖሱን አልለበሰችም፤ በጥቁር ነጠላዋ በጣም ትንሽ ሴት ነበረች።

«ተናገሪ ልጄ» አሏት መምሬ።

«ባሌን አልገደለም አልልም» አለች። «ገድሎታል። ግን ሊያቆመው ፈልጎ ነበር። ዋሽቷል ያልኩትን አንስቻለሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። የአባቴ አንገት ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ ይቅር ብለሽዋል?» አሉ መምሬ።

እትዬ በለጡ ማጅራቱ ላይ ያለውን ድንጋይ አየች።

«ይቅርታውን ቀስ ብዬ ነው መምሬ» አለች። «ድንጋዩን ግን አውርዱለት። ከብዶታል።»